ለብቻ የቀረበው ሳህን

ሳህኑን ባቀረብሁላቸው ጊዜ ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዲህ ያለ ሳህንማ ቤቴም አለኝ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ኖሮ ይቅርታ ጠይቄ ወደ ኩሽናዬ እመለስ ነበር። ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ገበታ በዘረጋሁ ቁጥር ያቺ አንዲት ቃል ትመጣብኛለች።

በዚያን ጊዜ በሰሜን ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን አጠገብ አዳራሽ እየተከራዩ በወር አንድ ቅዳሜ ማታ ራት በሚያሰናዱ አንዲት የአገራችን ሴት ዘንድ አብሳይ ነበርሁ። በዕድሜ እናቴ ስለሚሆኑ እትዬ እላቸዋለሁ። ሥራው ሰፐር ክለብ የሚባለው ነው፤ እንግዶቹ አስቀድመው ከፍለው፣ መጠጣቸውን ይዘው ይመጡና ከማያውቁት ሰው አጠገብ ተቀምጠው የቀረበላቸውን ይበላሉ። ለንደን ውስጥ ነገሩ የተስፋፋው ከርስቲን ሮጀርስ የተባለች ሴት በጥር 2009 እ.ኤ.አ. ኪልበርን በሚገኘው ቤቷ ሳሎን ውስጥ የማታውቃቸውን ሰዎች በክፍያ ማብላት ከጀመረች ወዲህ ነው። ሌሎቹ ረጅም ጠረጴዛ ሲዘረጉ እኛ አራት መሶብ እናቀርብ ነበር፤ ለአንድ መሶብ ስድስት ሰው። በዚያ ከተማ አንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ለዓመታት ሰላም የማይባባሉ ጎረቤቶች አሉ። እንደዚያ የለመዱ ሰዎች እጃቸውን ከአንድ ትሪ ላይ ሲሰዱ መጀመሪያ ይሽኮረመማሉ፣ ሁለተኛውን ጉርሻ ሲቆርሱ ፊታቸው ይፈታል፣ ወጡ ሊያልቅ ሲል ደግሞ አንዱ ለሌላው የሚተውለትን ጥግ ማሰብ ይጀምራል። ይህን ከኩሽናው በር ላይ ቆሜ ማየት ከደመወዜ ይልቅ ያቆየኝ ነገር ነው።

እትዬ በማስታወቂያቸው ላይ «እንጀራችን የጤፍ ስለሆነ ከግሉተን ነፃ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበራቸው፤ ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። እንጀራው ግን ከጋጋሪ የሚገዛ ሲሆን፣ በውጭ አገር እንደሚሸጠው እንደ ብዙው እንጀራ ገብስና የስንዴ ዱቄት የገባበት ነበር። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ማንንም ለማታለል የተጀመረ ነገር አይደለም። ጥሬ ጤፍ ከኢትዮጵያ እንዳይወጣ በ2006 እ.ኤ.አ. ከተከለከለ ወዲህ አውሮፓ ውስጥ የሚገኘው የጤፍ ዱቄት በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ውጭ የበቀለ ነው፤ ዋጋውም ከስንዴው ጋር የሚወዳደር አይደለም። በዚያ ላይ የለንደን ብርድ ሊጥ አያስነሣም። ጤፍ ብቻውን ሲሆን ዓይኑ እምቢ ይላል፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ሲጠቀለልም ይቆራረጣል፤ ስንዴ የገባበት ግን ይለሰልሳል፣ እስከ ማግስቱም አይደርቅም።

ይሁን እንጂ «ከግሉተን ነፃ» ማለት በእንግሊዝ ሕግ ልክ ያለው ቃል ነው፤ በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ግሉተኑ ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። ሲሊያክ የሚባለው ሕመም ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ ያገኛል፤ ያለበት ሰው ስንዴ ወይም ገብስ ሲበላ የገዛ ሰውነቱ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ይጎዳበታል። ምግብ ሻጭ ሁሉ ለእንግዳው ሊያሳውቃቸው የሚገቡትን ለአንዳንድ ሰው የማይስማሙትን የ14ቱን ነገሮች ዝርዝር ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍሁት እኔ ነኝ። ከእነዚያ መካከል ሰናፍጭ፣ ሰሊጥና ግብጦ መኖራቸውን ሳነብ የእናቴን ጓዳ ሰው ገብቶ የቆጠረው ያህል ነበር የተሰማኝ።

ማክሰኞ ዕለት ከተመዘገቡት እንግዶች አንዷ ሲሊያክ እንዳለባቸው ጽፈው ላኩ። ወዲያው ደወልሁ።

«እትዬ፣ ይኼ የምንገዛው እንጀራ ለእኚህ ሴትዮ አይሆንም፤ ገብስ አለበት።»

«ጤፍ ጤፍ ነው። እስከ ዛሬ ማን ታመመብን?»

«የታመመ ሰው እኮ ተመልሶ መጥቶ አይነግረንም።»

«አንቺ ልጅ፣ ነገር አታብዢ» አሉኝና ወደ ድንቹና ወደ ካሮቱ ግዢ አለፉ።

ሳልነግራቸው የራሴን ሊጥ አበካሁ። ቤቴ የነበረው አሮጌ እርሾ ገብስ ከተቀላቀለበት ሊጥ የወጣ ስለነበር ከእርሱ ጠብታ አልነካሁም፤ ጤፉን በውኃ ብቻ አቡክቼ ማሞቂያው ሥር አስቀምጬ እስኪነሣ ጠበቅሁት። አብሲት ጥዬ፣ በቤቴ ምጣድ ላይም ገብስ ሲጋገር ስለኖረ አዲስ መጥበሻ ገዝቼ፣ ቅዳሜ ማለዳ ስድስት ትንንሽ እንጀራ አወጣሁ። በርበሬያችን አዲስ አበባ ስንዴና ገብስ ከሚፈጭበት ወፍጮ ቤት የመጣ ስለነበር ቀዩን የምስር ወጥ ለእርሳቸው ተውሁት። ሁዳዴ በመሆኑ ሌላውም የጾም ነው፤ ድንች በካሮት አልጫ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመንና አዚፋ። እነዚህን ከሌላው አስቀድሜ፣ በታጠበ ድስትና በአዲስ ማማሰያ ሠራኋቸው። ማታ ሁለቱን እንጀራ በነጭ ሳህን ላይ አድርጌ፣ ከአልጫው፣ ከጎመኑና ከአዚፋው አውጥቼ፣ ማንም ሳይነካው በሁለት እጄ ይዤ ወጣሁ። በልቤ እኮራ ነበር።

መሶብ ላይ ለሳህን ቦታ የለውም። ትሪው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሞላዋል። ሴትዮዋ ሳህኑን ከተቀበሉኝ በኋላ የሚያኖሩበት ስላጡ ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፤ አምስቱ ሰዎች ወደ መሐል ጎንበስ ብለው ሲቆርሱ እርሳቸው ወደ ራሳቸው ጭን ጎንበስ አሉ። ያንን ቃል ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያም እንዳላስቀይም ብለው መሰለኝ፣ «ሐኪሙ ከነገረኝ ወዲህ ሰው ቤት ስሄድ የራሴን ምግብ ይዤ ነው የምሄደው፤ ማስታወቂያችሁን ሳነብ ከሰው ጋር የምበላ መስሎኝ ነው የመጣሁት» አሉ።

የምመልሰው አጣሁ። የልጅነቴ ገበታ ትዝ ቢለኝ ኖሮ መልሱ እጄ ላይ ነበር። ጎንደር ያሳደጉኝ አያቴ የፍስክ ማማሰያ ከጾም ድስት እንዲገባ አይፈቅዱም ነበር፤ ድስቱ ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ፣ የሚሰቀሉበትም ቦታ ለየብቻ ነው። ጽጌን የሚጾሙ አንዲት ጎረቤት ነበሩ። የጽጌ ጾም እንደሚታወቀው በፈቃድ ነው፤ በአንድ ቤት አንዱ ሲጾም ሌላው ይፈስካል። እኚያ ጎረቤት በምሳ ሰዓት ብቅ ካሉ ግን አያቴ የዶሮውን ድስት ከድነው ወደ ጓዳ ይመልሱና ለሁላችንም ሽሮ ያቀርቡ ነበር። እኔ ልጅ ነበርሁና አለቅስ ነበር። ለብቻ ሰሐን አቅርበው ሴትዮዋን «እርስዎ በዚህ ይብሉ» ሲሉ አንድ ቀን እንኳ አላየኋቸውም። ድስቱን የሚለዩት ገበታውን ላለመለየት ነበር። እኔ ለንደን ውስጥ ዝርዝሩን ማቀዝቀዣ ላይ ለጥፌ፣ ድስት ለይቼ፣ ማማሰያ ለይቼ፣ የአያቴን ሥራ ግማሹን በጥንቃቄ ሠርቼ ሌላውን ግማሽ ረሳሁት።

ያስታወሰኝ ከሴትዮዋ ፊት ለፊት የተቀመጠ ጎልማሳ ነው። እጁን ከትሪው ላይ አንሥቶ፣ «ከእርሳቸው እንጀራ ሌላ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አራት አለ» አልሁት።

«እኛስ ከእርሱ ብንበላ?»

መሶቡ ዝም አለ። አጠገቡ የነበረችው ወጣት የምስሩን ወጥ፣ ያንን ቀይ፣ ዘይቱ ከላይ የጠለለውን ወጥ ለአፍታ አየችውና የቆረሰችውን በልታ እጇን ሰበሰበች። ሌሎቹም ተከተሉ። ትሪውን አነሣሁት። መሶቡን በእርጥብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ወለወልሁ፣ ማስታጠቢያና ጆግ ይዤ ዞርሁ፤ በመጀመሪያው ዙር ለወጉ ያህል ጣታቸውን ያረጠቡት ሰዎች በዚህኛው ጊዜ በሳሙና፣ እስከ አንጓቸው፣ ከጥፍራቸው ሥር ሳይቀር ታጠቡ። በአዲስ ትሪ ላይ ሦስቱን እንጀራ አነባብሬ ዘረጋሁ፣ አራተኛውን ቆራርጬ ዳር ዳሩን አደረግሁ፤ ሴትዮዋ ጉልበታቸው ላይ የነበረውን ሳህን ሰጡኝና ያልነኩትን ከላይ ገለበጥሁት። ቢጫና አረንጓዴ ብቻ የሆነ፣ ጠርዙ የተሰነጣጠቀ፣ የትሪው ብረት በአንድ በኩል የሚታይ ገበታ ነበር። እርሳቸው እስኪጀምሩ ማንም እጁን አልሰደደም።

ይህን ስጽፍ ሁሉም ነገር አምሮ ያለቀ እንዳይመስል የኩሽናውንም መጻፍ ይኖርብኛል። ከሌላው መሶብ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «የእኛ እንጀራ ታዲያ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ገብስና ስንዴ እንዳለበት ነገርሁት። ሌላ መልስ አልነበረኝም። እትዬ ሰምተው ነበር። በሩን ዘግተው፣ «በሰው ፊት ጉድ አደረግሽኝ» አሉኝ። ከዚያም ድምፃቸው ተለወጠና፣ «ለስድስት ሰው አራት እንጀራ? ከፍለው መጥተው ሳይጠግቡ ይሂዱ? አንቺ የማን ቤት ነው ያደግሽው?» አሉ።

ሁለቱን ነገር ለይቼ እስከ ዛሬ አስባቸዋለሁ። በመጀመሪያው አልጸጸትም፤ በጽሑፍ «ነፃ ነው» ብሎ ሰው የጠራ ቤት እንግዳው ሲጠይቅ እውነቱን መስማት የሚያሳፍረው ከሆነ መታረም ያለበት ጽሑፉ ነው። በሁለተኛው ግን እትዬ ልክ ነበሩ። በእኛ ዘንድ እንግዳ ተነሥቶ ትሪው ላይ እንጀራ መትረፍ አለበት፤ ያን ማታ ግን ትሪው ተጠርጎ ተመለሰ። ማክሰኞ ነገሩን ባወቅሁ ጊዜ ለአንድ ሰው ሳህን ከማሰብ ለአንድ መሶብ ገበታ አስቤ ቢሆን፣ ስድስት ሳይሆን አሥራ ሁለት እጋግር ነበር፤ የሚጨምርብኝም አንድ ኪሎ የማይሞላ ዱቄትና የአንድ ሰዓት ቁም ነው። በርበሬውንም ዛላ ገዝቼ በቤቴ ወፍጮ ብፈጨው ምስሩም በቀረበ ነበር። ሴትዮዋን ከጉዳት ስለመጠበቅ ብቻ ነበር ያሰብሁት፤ መጠበቅ ደግሞ ሥራዬ ነው፣ ግን እርሳቸው የመጡበት ጉዳይ እርሱ አልነበረም።

በሚቀጥለው ወር ያ ዓረፍተ ነገር ከማስታወቂያው ላይ ጠፍቶ አገኘሁት። እትዬ ስለ ጉዳዩ ምንም አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጥቂት ወራት አብሬያቸው ሠርቼ በሰላም ተለያየንና አሁን ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በራሴ ስም የተመዘገበ ትንሽ የራት ዝግጅት አለን፤ በሁለት ወር አንድ ጊዜ፣ ሁለት መሶብ ብቻ። እንጀራው ሁሉ የጤፍ ነው፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ቦታ የያዘውን እንግዳ ሁሉ ራሴ እየደወልሁ አነጋግራለሁ፤ ከምግብ የማይስማማውን ከጠየቅሁ በኋላ፣ «ከሌሎቹ ጋር ከአንድ ገበታ ይበላሉ ወይስ ለብቻዎ እናቅርብልዎ?» እላለሁ።

ባለፈው ጊዜ ይህን የጠየቅሁት አንድ ሰው ጥቂት ዝም አለና ከባድ ሕክምና ላይ እንደሆነ፣ ሐኪሞቹም ከብዙ እጅ ጋር እንዳይበላ እንዳዘዙት ነገረኝ። ለብቻ ይሁንልኝ፣ ግን ከሰዎቹ መሐል አስቀምጪኝ አለ። ያን ማታ ከዕቃ መደርደሪያው ውስጥ ከሁሉም አነስ የሚለውን ትሪ አወጣሁ፤ መሶቡ ላይ ሳስቀምጠው በአንድ በኩል አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ተረፈ፤ ሳህኑን እዚያ ላይ፣ ከእንጀራው ጠርዝ ጥቂት ራቅ አድርጌ አኖርሁለት።