ቪትዟን የመረጥናት እኛ አይደለንም

እህቴ መኪና ልትገዛ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ትንሽ ስቴሽነሪ አለቻት፣ ለ11 አመት እቁብ እየጣለች ቆጥባለች፣ ቤቷ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ጠዋትና ማታ የታክሲ ሰልፉ ጉልበቷን ጨረሰው። ከወር በፊት ደወለችና "አንተ ሂሳብ ላይ ነህ፣ የትኛው ይሻለኛል?" አለችኝ። እኔም ሁለት ሶስት ቅዳሜ ዞረን ደላሎቹን አነጋግረን ደስ ያላትን እንይዛለን ብዬ ነበር። ዞርን። ግን ብዙ ባየን ቁጥር የገባኝ ነገር መኪናው እኛ ገበያ ሳንወጣ ገና ድሮ ተመርጦልን እንደነበር ነው።

ከቪትዝ፣ ከትንሿ ቶዮታ ልጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ ለምን እንዲህ በዛች? ሰው ሲጠየቅ ነዳጅ አትበላም፣ መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፣ ስትሸጣት አታከስርህም ይላል። እውነት ነው፣ ግን እነዚህ ሁሉ የመጡት ከበዛች በኋላ ነው። መጀመሪያ እንድትበዛ ያረጋት የድሮው ኤክሳይዝ ታክስ ይመስለኛል። ሞተሩ እስከ 1300 ሲሲ ከሆነ 30%፣ ከዛ በላይ እስከ 1800 ከሆነ 60%፣ ከ1800 ካለፈ 100% ነበር። ታክሱ ደግሞ ጎን ለጎን አይደለም የሚደመረው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ነው የሚጫነው፣ መጀመሪያ 35% የጉምሩክ ቀረጥ፣ በዛ ላይ ኤክሳይዝ፣ በሁለቱ ላይ 15% ቫት፣ በሁሉም ላይ 10% ሱር ታክስ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው 100 ሺህ ብር ተብሎ የተተመነ መኪና ትንሽ ሞተር ካለው ወደ 122 ሺህ ብር ታክስ ይከፈልበት ነበር፣ ከ1800 ሲሲ ካለፈ ደግሞ ወደ 241 ሺህ። እኛ ጋ የበዛችው ቪትዝ ባለ 1000 እና ባለ 1300 ናት፣ የባለ 1300ዋ ሞተር በትክክል ሲለካ 1298 ሲሲ ነው። በ2 ሲሲ ከመስመሩ በታች! ኮሮላም እኛ ጋ 1.3 የሚባለው የበዛው በዚሁ ምክንያት ነው እላለሁ።

ሌላው እድሜዋ ነው። ያገለገለ መኪና የእርጅና ቅናሽ ታስቦለት ነበር ቀረጡ የሚሰላው፣ ስለዚ አስመጪው አዲስ ከሚያመጣ አሮጌ ቢያመጣ ይሻለዋል፣ ነጋዴ ነው፣ የሚያዋጣውን ነው የሚያመጣው፣ አልፈርድበትም። እኛም የመጣውን ገዛን።

በ2012 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1186 ወጣና ነገሩ ተገለበጠ፣ ያረጀ መኪና ላይ ኤክሳይዙ እስከ 500% ደረሰ። እኔ ሀሳቡን ያኔም ደግፌዋለሁ አሁንም እደግፈዋለሁ፣ ልጆቻችን የሚስቡት ጭስ ነው። ግን ቀድሞ የገባው መኪና የትም አልሄደም። እንደሱ ያለ ከውጪ መግባቱ ሲቆም እዚህ ያለው ተወደደ። ጎረቤታችን ቪትዙን አምስት አመት ነድቶ ከገዛበት በላይ ሸጣት። መኪና በተነዳ ቁጥር መርከስ ሲገባው እኛ ጋ እንደ መሬት ሆነ፣ ብሩ ከእጁ ላይ እየቀለለበት ያለ ሰው ሊብሬ ይዞ መተኛት ጀመረ። አዋጁ አሮጌ መኪና ለመቀነስ ወጥቶ አሮጌ መኪና የያዘውን ሰው ጨርሶ እንዳይለቃት አረገው፣ ይሄን ነገር ሳስበው በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጭሱ እዛው ነው።

ከዛ ደግሞ ኤሌክትሪክ መጣ። በ2014 መንግስት ለኤሌክትሪክ መኪና ቫቱንም ኤክሳይዙንም ሱር ታክሱንም አንስቶ፣ ሙሉ ሆኖ ለሚገባው 15% ቀረጥ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣው 5%፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታቶ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ዜሮ አረገው። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከውጪ እንዳይገባ ተከለከለ። የነዳጁ ድጎማም መነሳት ጀምሮ ነበር፣ በሐምሌ 2014 ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው በታህሳስ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ገባ። እነዚህን ሶስቱን አንድ ላይ ስታያቸው በየሰፈሩ ቢዋይዲው፣ አይዲ 4ቱ፣ አይዲ 6ቱ በድንገት ከየት መጣ ብለህ አትጠይቅም። አይዲ 6 እኮ ቮልስዋገን ለቻይና ገበያ ብቻ ያመረተው መኪና ነው። ስክሪኑ ቻይንኛ የሚያወራው ለዛ ነው። አስመጪዎቹ ርካሽ ሆኖ ያገኙትን አመጡ፣ ባትሪው ቢበላሽ ማን ይጠየቃል የሚለው ግን ደላላው ጋ ስንደርስ መልስ የለውም፣ "እህቴ ዜሮ ዜሮ ናት፣ ምንም አትሆንም" ብቻ ነው።

እህቴ ግን ኤሌክትሪኩን ወዳዋለች። ነድታ ስትመጣ ፊቷ በራ፣ ድምፅ የለውም፣ ነዳጅ ሰልፍ የለ፣ ዘይት ቅየራ የለ። ሂሳቡን ሰራሁላት፣ ከጀሞ ሜክሲኮ በቀን ለምትሄደው መንገድ የመብራቱ ወጪ ከቤንዚኑ ጋር አይወዳደርም። አለቀ፣ ይሄን ያዢ አልኳት።

ከዛ ማታ ላይ ደወለችና "የት ነው ቻርጅ የማረገው?" አለችኝ።

አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። መኪና ማቆሚያው የጋራ ነው፣ ቆጣሪዋ ደረጃው ስር ከሁሉም ጋር ተደርድሯል። ከበረንዳ ገመድ ወደታች ማውረድ አደጋ ነው፣ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ነው፣ ክረምት ደግሞ ዝናብ አለ። ከራሷ ቆጣሪ መስመር አውርዳ ግድግዳው ላይ ሶኬት ላስገጥም፣ ወጪውን በሙሉ እኔ እችላለሁ ብላ ለግቢው ኮሚቴ አመለከተች፣ ለአንድ ሰው ከፈቀድን ሁሉም ይጠይቃል አሏት። በነሱም አልፈርድም፣ ምን ላይ ተመስርተው ይፍቀዱ? ግቢ ያለው ቤት የሚኖር ሰው መኪናውን አስገብቶ በሩን ዘግቶ ሰክቶ ይተኛል፣ የታክሱ ቅናሽም የመብራቱ ርካሽነትም የሱ ነው። ኮንዶሚኒየም የሚኖረው፣ ተከራዩ፣ ቆጣሪ ከአከራይ ጋር የሚጋራው ሰው ግን እዛው ቪትዟ ጋ ይመለሳል፣ ያቺኑ ከ20 አመት በላይ የሆናትን፣ ዋጋዋ የማይቀመሰውን። መኪናው ላይ ይሄን ያህል ታክስ የተወ መንግስት በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚኖርበት ሳይት ላይ ስለ አንዲት ሶኬት አንድ ገፅ መመሪያ ቢያወጣ ምን ነበረበት? እውነት ይሄ ያናድደኛል።

ስንዞር ያየናት ቪትዝ ባለቤት እስከ ሰኞ ድረስ ይዤላታለሁ ብሏል፣ ቦሎዋ ታድሷል፣ ኮድ 2 ናት፣ ደላላውም 2%ቱን እየጠበቀ በቀን ሶስቴ ይደውላል። የኮሚቴው ስብሰባ እሁድ ከሰአት ነው። ኤሌክትሪሺያን ጓደኛዬ መስመሩ በየት እንደሚወርድ፣ ብሬከሩ የት እንደሚገባ በወረቀት ስሎልኛል፣ አራት ኮፒ አርጌ ይዤላት እሄዳለሁ።