የጭቃው ገሞራ

ዛሬ የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። የባሕሩን ወለል ካርታ ለመሥራት ከኖርዌይዋ የወደብ ከተማ ከትሮምሶ ወጥተን በባረንትስ ባሕር ምዕራባዊ ቁልቁለት ላይ ነን። ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ አንድ ክብ ነገር ብቅ አለ። ሆኮን ሞስቢ! ስንት ዓመት ሳነበው የኖርኩትን ዛሬ አየሁት።

ገሞራ ነው፤ ግን የሚተፋው እሳት ሳይሆን ጭቃ፣ ውኃና ሚቴን ጋዝ ነው። 1,250 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተኝቷል። ከመርከባችን ሥር ያለው ሶናር ድምፅ ይልካል፤ ወለሉን ነክቶ ለመመለስ 2 ሴኮንድ እንኳ አይፈጅበትም። ጥልቀቱን የምናሰላው ከዚያች ቅጽበት ነው። የውኃው ሙቀትና ጨዋማነት ሲለያይ ግን የድምፁም ፍጥነት ይለያያል። ስለዚህ መለኪያ ወደ ታች አውርደን ካላስተካከልነው ካርታው ይንሻፈፋል። ዛሬ ሁለቴ አወረድነው። እጄ በብርድ ደንዝዟል።

ደግሞ አንድ ካርታ አይበቃም። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች እዚያው ወለሉ ላይ መሣሪያ ተክለው ለ431 ቀናት ተከታትለውታል። ትኩስ ፈሳሽ 25 ጊዜ ከሥር ሲገፋ መዘገቡ። ጭቃው ተንቀሳቅሷል፤ የወለሉም መልክ ተቀይሯል። አዲሱን ካርታ ከድሮው ጋር ሳስተያይ ያነጋሁት ለዚህ ነው። (ከዚህ በስተደቡብ፣ ከ8,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ስቶሬጋ የሚባለው ቁልቁለት ተንዶ ያስነሳው ማዕበል ስኮትላንድ ድረስ ደርሷል። ቁልቁለት ዝም ብሎ የሚተው ነገር አይደለም።)

ጠዋት ላይ ካሜራ አወረድን። ጭቃው ላይ ነጭ የባክቴሪያ ምንጣፍ ተነጥፏል። ብርሃን የለም። ውኃው ከዜሮ ዲግሪ በታች ነው። እነሱ ግን ከጭቃው በሚወጣው ኬሚካል ይኖራሉ። ፈረቃዬ ካለቀ ሰዓታት አልፈዋል፤ ስክሪኑን ትቼ መተኛት አቃተኝ።