ልጄ ፊደል ቆጥሯል፣ ያውም የምሩን

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ? ከጻፍኩ ቆየሁ አይደል፣ ነሐሴን ታውቁታላችሁ መቼም፣ ዝናቡ፣ ቤት የዋሉ ልጆች፣ ምዝገባው፣ ዩኒፎርሙ፣ ደብተሩ፣ እሱን ደግሞ ቁጭ ብሎ መሸፈን። ዘንድሮ ትልቁ ልጄ አንደኛ ክፍል ገቢ ነው እና ቤቱ ሽር ጉድ ላይ ነበር። እኔም ደረቴን ነፍቼ "የኔ ልጅ እኮ ፊደል ጨርሷል" እያልኩ ለጎረቤት ሳወራ ከርሜያለሁ፣ ምክንያቱም ልጁ ከሀ እስከ ፐ ሳያቋርጥ በዜማ ይወርደዋል፣ እንግዳ ሲመጣ ራሱ "ልበል?" ብሎ ይጀምራል።

አንድ ቀን ግድግዳው ላይ ያለው የፊደል ገበታ ላይ ጣቴን አድርጌ "ይቺስ?" አልኩት። ቤ ናት። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ጣቱን መስመሩ መጀመሪያ ላይ ወስዶ "በ ቡ ቢ ባ ቤ... ቤ!" አለኝ። ጎበዝ ብዬ አለፍኩት። ከዛ ግን ነገሩ ከነከነኝና ወረቀት ላይ ቤን ለብቻዋ ጻፍኩለት፣ ዝም ብሎ ያያታል፣ ያዞራታል፣ መጨረሻ ላይ "ማሚ መስመሯ የታል?" አይለኝም! ፊደል ቆጠረ ስንል ለካ አንዳንዱ የምሩን ነው የሚቆጥረው። ሦስት ዓመት ኬጂ የከፈልኩበት ልጅ ዘፈኑን እንጂ ፊደሉን አያውቀውም ማለት ነው።

ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ትምህርት ቤቱ ኤቢሲዲ ላይ ነው ጊዜውን ያጠፋው፣ አማርኛው "ቤት ውስጥ ይለምደዋል" ተብሎ ነው መሰለኝ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ግን እኔስ? አማርኛ እንደሚናገር አይቼ ማንበቡንም የቻለ ነው የመሰለኝ። እንዲህ የሆንነው ብቻችንን እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ በ2002 ዓ.ም በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የታችኛው ክፍል ተማሪዎች ንባብ ተፈትኖ ከሁለተኛ ክፍሎቹ ሲሶ ያህሉ ከምንባቡ አንድ ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሁለተኛ ክፍል እኮ ነው!

መፍትሄው የመጣው ከእናቴ ነው። እናቴ የመሠረተ ትምህርት ልጅ ናት፣ በ1971 ዘመቻው ሲጀመር ገና ኮረዳ ነበረች፣ ማታ ማታ ቀበሌ እየሄደች ነው የተማረችው። የብስኩት ካርቶን አምጪ አለችኝና መሀሉን አንድ ፊደል ብቻ የሚያሳይ አድርጋ በሳችው። ካርቶኑን ገበታው ላይ እያንሸራተተች አንዴ ላይ፣ አንዴ ታች፣ አንዴ ጥግ "ይሄስ? ይሄስ?" ትለዋለች፣ መስመር የለ፣ መቁጠሪያ የለ። የመጀመሪያ ቀን አለቀሰ። ሁለተኛው ቀን "እማዬ ታታልላለች" ብሎ አያቱን ከሰሰልኝ። ሳምንት ሳይሞላው ግን ራሱ ካርቶኑን ይዞ እኔን መጠየቅ ጀመረ፣ ሳላውቅ ስቀር ደስታው (ኸን እና ኽን ሆን ብዬ እስታለሁ)።

ሌላው የጠቀመን ገበታውን ወደጎን ብቻ ሳይሆን ወደታችም ማንበብ ነው። ሁ ሉ ሙ ሱ ብላችሁ ውረዱ እስቲ፣ ካዕቡ (ሁለተኛው ረድፍ) ወገቡ ላይ በቀኝ በኩል ትንሽ ጭረት አለችው። ሂ ሊ ሚ ሲ እግሩ ስር፣ ሄ ሌ ሜ ሴ ደግሞ እግሩ ስር ቀለበት። ይሄን ሲያገኝ ልጁ ሚስጥር የተነገረው ነው የመሰለው፣ 231 የነበረው ሸክም በአንዴ ቀለለ። እነ ረ እና ፈ ግን አይታዘዙም፣ እነሱን "አመፀኞቹ" ብሎ ስም አወጣላቸው። ሳድስ (ስድስተኛው ረድፍ) ግን የራሱ ጣጣ አለው፣ እያንዳንዱ በየፊናው ነው፣ እዛ ላይ ልምምድ እንጂ ብልሃት አላገኘሁም።

ከዛ ወደ መንገድ ወጣን። ታክሲ ስንጠብቅ የሱቁን ሁሉ ጽሑፍ ያነባል፣ መጀመሪያ በራሱ ያነበባት ቃል "ቤት" ናት፣ ዳቦ ቤት ላይ፣ ቀጥሎ ጁስ ቤት፣ ቀጥሎ ምግብ ቤት፣ አዲስ አበባ ለካ ቤት በቤት ናት። ታክሲ ውስጥ "ሂሳብ ሳይጠየቁ ይክፈሉ" የሚለውን ጮክ ብሎ ፊደል በፊደል ሲያነብ ረዳቱ "ሰማችሁ አይደል፣ ልጁ እንኳን ገብቶታል" ብሎ ተሳፋሪውን በሳቅ ገደለው።

መጻፉ ሌላ ነው። እኔ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ሀ ሀ ሀ ሀ አንድ ገጽ ሙላ አይነቱን ትቼዋለሁ፣ እጁን እንጂ ጭንቅላቱን አያሰራውም ብዬ ነው፣ የማይስማማ ካለ ይንገረኝ። በሱ ፈንታ ቅዳሜ ቅዳሜ የአስቤዛ ዝርዝር ጸሐፊ አደረግኩት። እኔ እጠራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ገበያ ደግሞ ወረቀቱን ይዞ እያነበበ ያስገዛኛል። የመጀመሪያው ዝርዝር አሁንም አለኝ፦ "ሽኩት፣ ቲመቲም፣ ቃርያ፣ ዘት"። ሽንኩርትን ልፈርድበት አልቻልኩም፣ ሽ ን ኩ ር ት፣ አራት ሳድስ ያለው ቃል ነው፣ ን እና ር በአፍ ውስጥ ሹልክ ብለው ነው የሚያልፉት። ቀይ እስክርቢቶ ግን አላነሳሁም። "እስቲ ቀስ ብለህ በላት" እለዋለሁ፣ ሽ...ን... ሲል ራሱ "ውይ ን!" ብሎ ይጨምራታል።

ጥያቄውም አይጣል ነው። ሰ እና ሠ ለምን ሁለት ሆኑ? በግዕዝ ጊዜ ድምፃቸው ይለያይ ነበር አልኩት። "አሁንስ?" አሁን አይለይም። "ታዲያ አንዱን አይተዉትም?" ይሄንን አዋቂዎቹም ተከራክረውበት ያልጨረሱት ነው አልኩና አለፍኩ። ገና የምትለዋን ቃል ደግሞ የበዓሉን ገና አድርጎ አንብቦ "ገና አልመጣም" የሚለው አረፍተ ነገር ላይ ዶሮ ወጥ ጠይቆኛል። ማጥበቅ እና ማላላት አይጻፍም፣ ከወሬው ነው የሚታወቀው፣ ስለዚህ ማታ ማታ የማነብለት ለዚህም ነው የሚጠቅመው፣ አፉ የሚያውቀውን ዓይኑ እየተከተለ ይለምዳል። አስር ደቂቃ ብቻ ነው፣ ደክሞኝ መስመር ስዘል ይይዘኛል።

ባለፈው ሐሙስ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። "አትኩ የኔ ነው" ይላል። ን አሁንም ሾልካለች። ከፍሪጁ ውስጥ ከልደት የተረፈ ቁራጭ ኬክ አስቀምጦ ነው። ከሥራ ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው፣ የሦስት ዓመቷ እህቱ አፏ ክሬም በክሬም ሆኖ ቆማለች፣ እሱ ደግሞ ወረቀቱን ፊቷ ላይ ይዞ እያለቀሰ "አንብቢ! አንብቢው እንጂ!" ይላታል።