የአክስቱን ደብዳቤ ያምጣ

የምሠራው ሎስ አንጀለስ አካባቢ ባለ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ክፍላችን ቤዚክ ኒድስ ይባላል። ካሊፎርኒያ በ2021 ባወጣችው ሕግ እያንዳንዱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እንዲህ ያለ ክፍልና አስተባባሪ እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል። ምግብ የቸገረው፣ ማደሪያ ያጣ፣ ጭንቀት የበዛበት ተማሪ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። ብዙዎቹ ፉድ ፓንትሪ፣ ማለትም ነፃ ምግብ የሚታደልበትን ቦታ፣ ብለው ይመጣሉ። ቁጭ ብለው ማውራት ሲጀምሩ ሌላው ጉዳይ ይወጣል።

ይሄኛው ልጅ የመጣው ስለ ሻወር ለመጠየቅ ነበር። የጂሙ ሻወር ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚከፈት አጣራ። ማደሪያ የሌለው ተማሪ የኮሌጁን ሻወር መጠቀም እንደሚችል በ2016 የወጣ ሕግ አለ። እሱ ይህን አያውቅም፤ ውለታ እንደሚለምን ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የጠየቀኝ። ስሙን አይቼ በአማርኛ ሰላም ስለው ደነገጠ። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ፈታ አለ።

ዕድሜው 21 ነው። ዲቪ ደርሶት ብቻውን መጣ፤ ወላጆቹ አገር ቤት ናቸው። የሚያድረው አክስቱ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው። ልጆቿ ቴሌቪዥን አይተው እስኪጨርሱ ውጭ ይቆያል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ ብርድ ልብሱን፣ ትራሱን፣ የጥርስ ብሩሹን ሳይቀር ሰብስቦ መኪናው ውስጥ ይከታል። አክስቱ የምትኖረው መንግሥት ኪራይ በሚደጉምበት በሴክሽን ኤይት ነው። በዚያ ፕሮግራም የሚኖር ሰው ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ለመጨመር ማስፈቀድ አለበት። ሳያስፈቅድ ቢገኝ የኪራይ ድጎማውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የሕንፃው ማናጀር ድንገት ቢያንኳኳ የልጁ ካልሲ እንኳን መታየት የለበትም።

«ቤት የለኝም ማለት ግን ይከብደኛል፤ ዘመድ አለኝ» አለኝ። ማኪኒ ቬንቶ የሚባለው የፌደራል ሕግ ግን እንደ እሱ ያለውንም ይጨምራል። ቤት አጥቶ ወይም ኑሮ ከብዶት ሰው ቤት ተጠግቶ የሚያድር ልጅ ማደሪያ እንደሌለው ይቆጠራል። የፋፍሳ፣ ማለትም ተማሪ ለፌደራል የትምህርት እርዳታ የሚሞላው ማመልከቻ፣ ሕግም የሚከተለው ይህንኑ ነው።

ይሄ ለምን እንደሚጠቅም ሥራውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከ24 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ተማሪ በአብዛኛው የወላጅ ጥገኛ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። የወላጆቹ ገቢ ይሞላል፣ እነሱም ይፈርማሉ። የዚህ ልጅ ወላጆች ኢንተርኔት በሌለበት ገጠር ነው የሚኖሩት፤ ፎርሙ እዚያ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ያለ ወላጅ የሚኖርና ማደሪያ የሌለው ተብሎ ከተወሰነለት ግን በራሱ ገቢ ብቻ ይታያል። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌደራል እርዳታ በዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል። በእኛ ስቴት ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ተማሪ በክሬዲት 46 ዶላር የሆነው የትምህርት ክፍያ ስለሚቀርለት ያ ገንዘብ ለኪራይና ለምግብ ይተርፈዋል።

ፋይናንሺያል ኤይድ ወደሚባለው የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ላክሁት። እዚያ አንድ የአገራችን ሰው አሉ፤ የቆዩ፣ የተከበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። ልጁ እሳቸው ጋ በመድረሱ ደስ ብሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። «የአክስትህን ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ» አለ። ፊቱ ተለዋውጧል።

ወረድኩ። በሩን ዘጋሁና ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ደብዳቤው ምን እንዲል ነው?»

«እቤቴ አይኖርም ብላ ትፈርምለት። አክስት እያለችው ቤት የለኝም ይላል እንዴ? እኛ ዘመድ ሜዳ ላይ አንጥልም።»

«አይኖርም ብላ ብትፈርም ውሸት ነው። ሶፋዬ ላይ ያድራል ብላ ብትጽፍ ደግሞ ቤቷን ልታጣ ትችላለች። ሁለት ልጆች አሏት።»

ዝም አሉ። ከዚያ ያንን እስካሁን የሚያንገበግበኝን ነገር ተናገሩ።

«ሴትዮዋን ሳላውቃት አልቀርም። የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቄው ነበር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሳገኛት እኔው አናግራታለሁ። በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር ነው።»

ደሜ ፈላ። ልጁ ለምን ፊቱ እንደተለዋወጠ ያኔ ገባኝ። ለመንግሥት እርዳታ ቃሉን ሊሰጥ ገብቶ፣ መስኮቱ ላይ የማን ልጅ ነህ ተባለ። አገር ቤት ይህ ጥያቄ ሰላምታ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ግን ሌላ ነው። የልጁ ችግር፣ የአክስቱ ቤት፣ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ተያያዘ። አክስትየው አዋረደኝ ብላ ብታባርረው ሶፋውም ይቀርበታል። የተማሪን መረጃ የሚጠብቀው ፌርፓ ከ1974 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። በየዓመቱ ስልጠና እንወስድበታለን፤ እሳቸውም ይወስዳሉ።

«ጋሼ፣ በጭራሽ እንዳይሞክሩት» አልኳቸው። «የተማሪው ጉዳይ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ለአክስቱም ቢሆን።»

«ልጄ፣ እኔ ለእሱ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን እሱ አልፈቀደም።»

የፌደራሉን መመሪያ አትሜ ይዤ ነበር። ከ2023–24 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ግልጽ ነው። ሌላ ማስረጃ ማምጣት ለማይችል ተማሪ የራሱ የጽሑፍ ቃል ወይም ተመዝግቦ የሚያዝ ቃለ መጠይቅ ይበቃል። ውሳኔው ቤት ባጣበት ምክንያት ላይ አይመሠረትም። ኮሌጁም ከተመዘገበ በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት። «እኛ ጋ እንዲህ አልተሠራም» አሉ። ሰው በልማድ ብዙ ዓመት ሲሠራ ልማዱ ሕግ ይመስለዋል፤ ይህንን እረዳለሁ። ግን በዚያ ልማድ ምክንያት ፎርማቸው ቆሞ የቀረ፣ ትምህርት ያቋረጡ ልጆች ስንት ይሆኑ? ደብዳቤ አምጣ ተብሎ የወጣና ያልተመለሰ ተማሪ ስም የትም አይመዘገብም።

ጉዳዩ ሌላ ሠራተኛ ጋ እንዲታይ ኃላፊያቸውን ጠየቅሁ፤ ፈቀዱ። ቃለ መጠይቁን ያደረገችው አንዲት ሜክሲኳዊት ወጣት ናት። ቋንቋ ካስቸገረው እንድረዳው ልጁ ራሱ ስለፈለገ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አላስፈለግሁትም። ትናንት የት አደርክ? ባለፈው ሳምንትስ? እዚያ እስከ መቼ መቆየት ትችላለህ? ያለችው ይህን ብቻ ነው። የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቀችውም። በተሰባበረ እንግሊዝኛው ሁሉንም ዘረገፈው። ለእኔ በአማርኛ ያልነገረኝንም ተናገረ። አክስቱ ጋ እንግዳ ሲመጣ መኪናው ውስጥ ነበር የሚያድረው። እኔ ሶፋ ብቻ መስሎኝ ነበር። መኪና ውስጥ ማደር ሲጨመር ደግሞ ጉዳዩ ይለያል። ሶፋ ላይ ያለን ሰው ብዙዎቹ የቤት ፕሮግራሞች አይቀበሉትም፤ መኪና ውስጥ የሚያድረውን ግን ይቀበሉታል። በዚያው ቀን ወደ እርዳታ መጠየቂያው ስልክ 211 ደውለን አስመዘገብነው።

ውሳኔው ወጣለት። ፔሉ ሲለቀቅ ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ቤት ውስጥ ክፍል ተከራየ። አክስቱን እሁድ እሁድ ይጠይቃታል፤ ምንም አልሰማችም።

ጋሼ ከዚያ ወዲህ ቡና ሰዓት ላይ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል። በሰው ፊት አሳፈርሽኝ ብለው ነው የሚያስቡት። በሩን ዘግቼ ነበር የተናገርኩት፤ ቢሆንም ቅሬታቸው አልወጣላቸውም። እኔም አልረሳሁትም። ቤተ ክርስቲያን ሄደው ቢያናግሯት ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ የት እንደሚያድር አላውቅም።

ኮሌጃችን አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ሲቀጥር ለእኛ ልጆች ጥሩ ነው ብዬ ስከራከር ኖሬያለሁ፤ አሁንም ነው እላለሁ። ልጁ ወንበር ስቦ የተቀመጠው በአማርኛ ሰላም ስላልኩት ነው። ግን የአበሻ ስም ሳይ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው በየትኛው ቋንቋ ማውራት እንደሚሻለው ነው። ከእኛ ሰው ሌላ ሠራተኛ ቢያነጋግረው የሚመርጥ ከሆነም እጠይቃለሁ። በእንግሊዝኛ ይሁን የሚሉኝ አሉ። እሺ ብዬ በእንግሊዝኛ እቀጥላለሁ።