ቸርቪልን እሳት ሳታሳዩት ብሉት፣ ከፍራንክፈርት ኩሽናዬ

ቸርቪል የሚባለውን ቅጠል ብዙዎቻችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ፣ እኔም ጀርመን ከመምጣቴ በፊት ስሙን ሰምቼ አላውቅም። እዚህ ኬርብል ነው የሚሉት። የካሮት፣ የድንብላል፣ የእንስላልና የነጭ አዝሙድ ዘመድ ነው (ጥቁር አዝሙድ ግን ስሙ ነው እንጂ ከነዚህ ጋር ዝምድና የለውም)። ሲያዩት ፓርስሊ ይመስላል፣ ግን ቅጠሉ የሳሳና የበለጠ የተበጣጠሰ ነው፣ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ። ጣዕሙ ደሞ ፓርስሊ ላይ ትንሽ እንስላል ጣል ያረጉበት አይነት ሆኖ መጨረሻ ላይ ጣፈጥ ይላል።

ያ የእንስላል ሽታ የሚመጣው ኤስትራጎል ከሚባል ነገር ነው፣ ታራጎን የሚባለው ቅጠል ውስጥም በብዛት አለ። ችግሩ ቶሎ ይተናል፣ ሙቀት ካገኘው በቃ የለም። የቸርቪል ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው፣ ለኛ ሰው ደሞ ይሄ ትንሽ ከባድ ነው ምክንያቱም የኛ ኩሽና ማቁላላት ነው፣ ሽንኩርቱ ይቁላላል በርበሬው ይቁላላል፣ በሶብላው ኮሰረቱ ደርቆ ቅቤው ሲነጠር አብሮ ይገባል፣ ጣዕም ማለት ጊዜና እሳት ነው። ቸርቪል የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ምጣዱ ከወረደ በኋላ፣ ሊበላ ሲል፣ በጥሬው፣ በብዛት።

ይሄን በወሬ ብቻ እንዳላምን አንድ ቀን ጠዋት እንቁላል ጠበስኩ፣ ሁለት ቦታ። አንዱ ውስጥ ቸርቪሉን ከእንቁላሉ ጋ መትቼ ጨመርኩት፣ ሁለተኛውን ግን ብቻውን ጠብሼ ከምድጃው አውርጄ እላዩ ላይ ከትፌ በተንኩት። ቅጠሉም እኩል ቅቤውም እኩል። የመጀመሪያው አረንጓዴ ነጠብጣብ ያለው ተራ እንቁላል ሆነ፣ ሳር ሳር ከማለት ውጪ ምንም የለው። ሁለተኛው ግን ገና ወደ አፍ ሲጠጋ ይሸታል። ፈረንሳዮች ኦምሌታቸው ላይ ፊን ዜርብ የሚሉትን የአራት ቅጠል ድብልቅ (ፓርስሊ፣ ቀጭን የሽንኩርት ቅጠል የሚመስለው ቻይቭስ፣ ታራጎንና ቸርቪል) መጨረሻ ላይ የሚጨምሩት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

አሁን ወደ ፍራንክፈርት። ይሄ ከተማ ግሩነ ዞሰ በሚባል አረንጓዴ ሶስ ነው የሚታወቀው፣ ሰባት ቅጠል አንድ ላይ ተከትፎ ከሳወር ክሬም ወይም ከእርጎ ጋ የሚቀላቀል፣ ሳይበስል በቀዝቃዛው ከቅቅል ድንችና ከቅቅል እንቁላል ጋ የሚበላ። ሰባቱ ቦሬጅ፣ ቸርቪል፣ ክሬስ፣ ፓርስሊ፣ ፒምፒኔለ፣ ሶረልና ቻይቭስ ናቸው። እስቲ ልብ በሉ፣ ክሬስ የሚሉት እኮ የኛው ፌጦ ነው! እኛ ፍሬውን ለሆድ ለምናምን እናስቀምጠዋለን፣ እነሱ ቡቃያውን ይበሉታል። ሶረል ደሞ የእምቧጮ ዘመድ ነው፣ ልጅ ሆነን ግንዱን ልጠን የምናኝከው ኮምጣጣው። ስለዚ ከሰባቱ ሁለቱ ላይ እንግዳ አይደለንም። ቅጠሎቹ በብዛት የሚበቅሉት ኦበራድ የሚባል የከተማው ሰፈር ነው፣ እዛ ለሶሱ ሀውልት ሁሉ አቁመውለታል፣ ሰባት ትናንሽ የመስታወት ቤቶች እያንዳንዳቸው በተለያየ አረንጓዴ። ስሙም በፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ በአውሮፓ ህብረት የተጠበቀ ነው፣ ማንም ከየትም ቅጠል ሰብስቦ የፍራንክፈርት ግሩነ ዞሰ ነው ብሎ መሸጥ አይችልም።

ክላይንማርክትሃለ የሚባለው የመሀል ከተማው የገበያ አዳራሽ ብትሄዱ ሰባቱም በነጭ ወረቀት ተጠቅልለው ይሸጣሉ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ጥቅልሉን ነው፣ ቤት ገብቼ ፈትቼ አንድ በአንድ እየለየሁ ቀመስኳቸው። ይሄን ብታደርጉ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ተቀላቅለው ሲበሉ የትኛው ምን እንደሚሰራ አይታወቅም። ፓርስሊ ሰውነቱን ይሰጠዋል፣ ሶረል ኮምጣጣውን፣ ፌጦ ማቃጠሉን፣ ቦሬጅ የኪያር ጣዕም፣ ቸርቪል ደሞ ያቺን ጣፈጥ የምትለዋን ሽታ። ከዛ በኋላ ቸርቪሉን ለብቻው መግዛት ጀመርኩ።

አከታተፍ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሲታጠብ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ነከር አድርጎ ማንሳት ነው እንጂ የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አይለቀቅበትም፣ ቅጠሉ ስስ ስለሆነ ይጠቁራል። በጨርቅ ላይ ዘርግቶ በደንብ ማድረቅ፣ እርጥብ ከሆነ ሲከተፍ ይላቁጣል። ቀጭን ቀጭኑን ግንድ አትጣሉት፣ ጣዕም አለው፣ ወፍራሙን ብቻ አውጡ። ቢላው ስለት ሊኖረው ይገባል፣ ጭብጥ አድርጎ ይዞ አንዴ ማሳለፍ፣ ቢበዛ ሁለቴ። በደነዘ ቢላ እየተመላለሱ ከደበደቡት ጭማቂው መክተፊያው ላይ ይቀራል፣ እኔ ጣውላዬ አረንጓዴ ሆኖ ሳይ ጣዕሙ የት እንደሄደ ይገባኛል። ብሌንደር ለሾርባ ይሆናል፣ ለሶስ ግን እኔ አልወደውም።

እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ይሄን ሁሉ ስከትፍ ቆማ እያየችኝ "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ሳር ለማን ነው?" አለችኝ። ለኛ ነው እማዬ ቅመሺው አልኳት። ቅጠሏን በጣቶቿ አሸት አሸት አርጋ አሸተተችና "ውይ፣ እንስላል እንስላል ይላል እኮ! አይብ የለሽም?" አለች። አይብ ነበረኝ። በደንብ የተንጠፈጠፈ አይብ ላይ አንድ ጭብጥ ቸርቪል ከትፋ፣ ጨው፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድ፣ በእጇ ለወስ ለወስ አርጋ አቀረበችው። እስካሁን ከሰራሁት የቸርቪል ምግብ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፣ ሀሳቡም የኔ አይደለም የሷ ነው።

ከዛ ወዲህ የኛ ምግብ ላይ ብዙ ሞክሬያለሁ። ድንች አልጫ ላይ ከወረደ በኋላ ሲጨመር በጣም ይሄዳል፣ ካሮት ካለበት የበለጠ። በርበሬ ያለበት ነገር ላይ ግን አትድከሙ፣ ጥብስም ሆነ ፍርፍር ቃሪያውና በርበሬው ይውጠዋል፣ ቸርቪል ልስልስ ነው ከማንም ጋ አይጣላም። ንጥር ቅቤም አይስማማውም፣ ኮሰረቱና ኮረሪማው አፉን ስለሚያስይዙት ለሱ ለጋ ቅቤ ነው የሚሻለው። ዓሳ ላይ በተለይ ትራውት ላይ ከሎሚና ከቅቤ ጋ ሌላ ነው (ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም ይቅርታ)።

ስለጾም ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ አገር ግሩንዶነርስታግ በሚባለው ቀን ማለትም በነሱ ጸሎተ ሐሙስ አረንጓዴ ነገር የመብላት ልማድ አለ፣ ፍራንክፈርት ላይ ግሩነ ዞሰ፣ ሌላ ቦታ ደሞ የቸርቪል ሾርባ ይሰራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፋሲካችን ከነሱ አይገጥምም፣ በ2025 ግን ገጠመ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ላይ ሁለታችንም ጸሎተ ሐሙስ ነበርን። እኔ ጾመኛ፣ የስራ ባልደረቦቼ በእንቁላልና በክሬም ሊበሉ ነው። እና የጾም ግሩነ ዞሰ ልስራ አልኩ። የአኩሪ አተር እርጎ መጠቀም ይቻል ነበር፣ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚያደርገው፣ ለኔ ግን ጣዕሙ አይሆነኝም። ሱፍ ትዝ አለኝ። የኛ ሱፍ እዚህ በቀላሉ አይገኝም ግን የፈረንጅ ሱፍ የተፈለፈለው የትም ሱፐርማርኬት አለ።

አሰራሩ እንደዚ ነው፣ 150 ግራም የተፈለፈለ የፈረንጅ ሱፍ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር፣ ጠዋት ውሃውን ደፍቶ በሩብ ሊትር ንጹህ ውሃ ብሌንደር ውስጥ እስኪልም መፍጨት፣ ከዛ በወንፊት ወይም በንጹህ ሻሽ ማጥለል። ወፈር ያለ ነጭ ነገር ይወጣል። ጨው፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ (ጀርመኖቹም ሰናፍጭ ስለሚጨምሩ ባዕድ አይደለም)። ከዛ የተከተፉት ቅጠሎች፣ ወደ 200 ግራም፣ ቸርቪሉ በዛ ብሎ። ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰአት ያህል አረፍ ይበል፣ ብዙ አይቆይ፣ ሎሚው ቀለሙን ያገረጣዋል። በቅቅል ድንች በላሁት፣ ማታ ላይ የተረፈውን ለጉልባን ማባያ አደረግኩት። ጉልባን በአረንጓዴ ሶስ የሚል ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር፣ ግን ስንዴውና ባቄላው ደረቅ ስለሚሉ በጣም ተስማማቸው። ባልደረቦቼ ግማሾቹ ከነሱው አስበልጠው ወደዱት ግማሾቹ ደሞ ይሄ ግሩነ ዞሰ አይደለም አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው።

ሾርባውን ለምትፈልጉ፣ አንድ ባሮ ሽንኩርትና ሁለት ድንች በዘይት ለስለስ አርጎ በ1 ሊትር የአትክልት መረቅ ማብሰል፣ ሲበስል ከእሳት ማውረድ፣ 100 ግራም ቸርቪል ጨምሮ ወዲያው መፍጨት፣ በቃ። መልሶ ማፍላት የለም።

ወደ ጥቅሙ ስንመጣ ትንሽ ልናገር ምክንያቱም ብዙ የተጋነነ ነገር ይወራል። ደረቅ ቸርቪል 100 ግራም ውስጥ ካልሲየም 1,346 ሚሊግራም፣ ብረት 32 ሚሊግራም ገደማ፣ ፕሮቲን ደሞ 23 ግራም አለ ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ ላይ ያለ ነው። ግን 100 ግራም ደረቅ ቸርቪል ማነው የሚበላው? አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቁ 2 ግራም እንኳን አይሞላም፣ እሱ ውስጥ ያለው ካልሲየም 26 ሚሊግራም፣ ብረቱ 0.6 ሚሊግራም አካባቢ ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፣ የጤፍ እንጀራችሁም በብረት ይበልጠዋል። ስለዚ ደም ማነስ ያለበት ሰው ቸርቪል ፍለጋ እንዳይወጣ። ትኩሱ ቅጠል ደሞ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ቫይታሚን ሲና ካሮቲን አለው፣ ጥሬውን በጭብጥ ጭብጥ ስትበሉት እንደማንኛውም አረንጓዴ ቅጠል ጥሩ ነው። የሎሚውና የቅጠሉ ቫይታሚን ሲ ከምስሩና ከሽምብራው የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን በደንብ እንዲወስድ ይረዳል፣ እኔ ምስር ሰላጣ ላይ የምበትነው ለዛም ጭምር ነው። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ ግን አረንጓዴ ቅጠሎች ቫይታሚን ኬ ስላላቸው በድንገት መጠኑን ከመጨመራችሁ በፊት ሀኪማችሁን አማክሩ።

ደረቁን ካነሳሁ ላይቀር፣ አትግዙት። ሽታው ሲደርቅ አብሮ ይሄዳል፣ ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው ቀለም ነው። ማቆየት ከፈለጋችሁ እርጥብ ወረቀት ላይ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ከዛ በላይ ከሆነ 125 ግራም ለጋ ቅቤ ከሁለት ጭብጥ የተከተፈ ቸርቪል፣ ከጨውና ከጥቂት ሎሚ ጋ ለውሳችሁ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ስቴክ ላይ፣ ድንች ላይ፣ ዓሳ ላይ ትቆርጣላችሁ። ለጾም በዘይት፣ በበረዶ መስሪያው ውስጥ።

ሱፐርማርኬት ላይ ሁልጊዜ ስለማይገኝ በረንዳዬ ላይም እዘራዋለሁ። ዘሩ ጥቁርና ቀጭን ነው፣ እንደ መርፌ። የምትተክሉበት ቦታ ላይ በቀጥታ ዝሩት፣ ስሩ ወደታች ስለሚወርድ ችግኙን ማዛወር አይወድም። አፈር ብዙ አትጫኑበት፣ ብርሃን ይፈልጋል። ሁለት ሳምንት አካባቢ ይበቅላል፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይቆረጣል። ጠራራ ጸሀይ አይወድም፣ የኔ በረንዳ የጠዋት ጸሀይ ብቻ ነው ያለው፣ ለሱ ተመችቶታል። ሀምሌ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ግንዱ ይረዝምና ያብባል፣ ካበበ በኋላ ቅጠሉ ይመራል፣ ስለዚ በጋውን ትታችሁ በመጋቢትና በሚያዝያ ከዛ ደሞ በነሐሴ መጨረሻ ዝሩ። ዘሩም ሲቆይ የመብቀል አቅሙ ይቀንሳል፣ አሮጌ ፓኬት ላይ ተስፋ አታድርጉ።

አንድ ነገር ግን በጣም ተጠንቀቁ። ማይን ወንዝ ዳር ስትሄዱ ልክ ቸርቪል የሚመስል ቅጠል ታያላችሁ፣ እኛ አበሾች ደሞ ነጻ ጎመን ያየን ይመስል መልቀም እንወዳለን። እንዳትነኩት። የዚህ ቤተሰብ ተክሎች ይመሳሰላሉ፣ ከመካከላቸው ሄምሎክ የሚባለው መርዛማው አለ፣ ሶቅራጥስን የገደለው እሱ ነው። ግንዱ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው፣ ሲታሽ የአይጥ ሽንት ሽታ ይሸታል ይባላል፣ ግን በምልክት ተማምናችሁ ለመለየት አትሞክሩ፣ የሚያውቁትም ይሳሳታሉ። የገበያውን ጥቅልል ግዙ፣ ካልሆነ የዘሩ ፓኬት ዋጋው ከአንድ ቡና አይበልጥም።