ስቶር ውስጥ እያለ "የለም" የተባለው ኩሽኔታ

የምሠራው ጋራዥ ነው፣ መኪና ተቀባይ ነኝ። ባለፈው ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አንድ የሚኒባስ ሾፌር በጠዋት የመኪናው የፊት እግር እያጉረመረመበት መጣ። ዋናው መካኒካችን፣ ሁላችንም ጋሼ ነው ምንላቸው፣ ጎማውን አስፈትተው አዩና "ኩሽኔታው አልቋል፣ ከስቶር አምጡ" አሉ፣ ኩሽኔታ ጎማው ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርገው ዕቃ ነው። ስቶር ያለችው ልጅ ገና ከኮሌጅ መውጣቷ ነው፣ ጎበዝ ናት፣ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ኩሽኔታ ብላ ብትፈልግ ብትፈልግ ምንም አይመጣም።

"ጋሼ የለም እኮ።"

"እንዴት ይጠፋል ልጄ፣ በቅርብ ገብቷል!"

ሰው መርካቶ ተላከ፣ ዕቃው ሲመጣ ከሰዓት ሆኗል፣ ሾፌሩም የቀን ሥራው ቀረ። ማታ ቆጠራ ላይ ያው ዕቃ ሼልፍ ላይ ተገኘ፣ ሲስተሙ ላይ የተመዘገበው በእንግሊዝኛ ስሙ ቤሪንግ ተብሎ ነው።

በማግስቱ ኃላፊው ሰብስቦን "ይሄን የተበላሸ እንግሊዝኛ ተዉና በትክክለኛ ስሙ ጥሩት" አለ። እኔን ያመመኝ ይሄ ነው። የጋሼ ቋንቋ የተበላሸ እንግሊዝኛ አይደለም፣ ጣልያንኛ ነው፣ እሱም አማርኛ ከሆነ ቆይቷል። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩበት ጊዜ መንገዱም ካሚዮኑም ጋራዡም በብዛት በነሱ በኩል መጣ፣ ከሄዱም በኋላ የፊያት መኪና አገሩን ሞልቶት ነበር (ኤንትሬ ምንለው የጭነት መኪና ራሱ የፊያት ኤን 3 ነው፣ ትሬ በጣልያንኛ ሦስት ስለሆነ)፣ ስለዚህ ሙያውን የተማረ ሰው ስሙንም አብሮ ተማረ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ሁሉም ከዛ ነው። ኩሽኔታ በጣልያንኛ ትንሽ ትራስ እንደማለት ነው። ፍሬቻ ደግሞ ቀስት ነው፣ ድሮ መኪና ሲታጠፍ ከጎኑ ብቅ የምትል ክንድ ነበረችው፣ መብራቱ የመጣው በኋላ ነው።

ስብሰባው ላይ ይሄን ተናገርኩ፣ እንግሊዝኛውም ቢሆን ተበድሮ ነው ያደገው አልኩ። ጋራዥ የሚለውን እንግሊዞቹ ከፈረንሳይ ነው የወሰዱት፣ ሻንሲም (የመኪናው አጽም) እንደዛው። ሾፌርም ከፈረንሳይ ነው፣ መጀመሪያ የእሳት ማሞቂያ ሠራተኛ ማለት ነበር፣ እንግሊዝኛም ወሰደው እኛም ወሰድነው። ፒስቶን ደግሞ ከጣልያንኛ ወደ ፈረንሳይኛ ከዛ ወደ እንግሊዝኛ የሄደ ቃል ነው፣ ስለዚህ ጋሼም ልጅቷም ፒስቶን ሲሉ ይግባባሉ። እንግሊዝ ሲበደር ትክክለኛ ስም፣ የኛ መካኒክ ሲበደር ብልሽት የሚባልበት ምክንያት አይገባኝም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞተር ሲፈቱ የኖሩ ሰው፣ የሚያውቁትን ዕቃ በሚያውቁት ስም ስለጠሩ አንገታቸውን ሲደፉ ማየት በጣም ነው የከበደኝ።

ኃላፊው ወዲያው አልተቀበለም፣ ኋላ ግን "እሺ ሞክሩት" አለ። ጋሼና ልጅቷ ከሥራ ሰዓት በኋላ እየተቀመጡ ዕቃውን አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ፣ እሳቸው ያነሱና ስሙን ይነግሯታል፣ እሷ ከእንግሊዝኛው ጎን ትመዘግበዋለች፣ አሁን ሲስተሙ ላይ ኩሽኔታም ቢባል ቤሪንግም ቢባል ያው ዕቃ ነው የሚመጣው። የከበደው አንድ ዕቃ ሁለት ሦስት ዓይነት አጠራር ሲኖረው ነው፣ የሞተሩን ክዳን ኮፈን የሚልም አለ ኮፈኖ የሚልም፣ ሁሉንም አስገባችው።

ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አሁን ደሞ ኤሌክትሪኩ እየበዛ ነው። ኢንቨርተር፣ ሴንሰር፣ ቻርጀር ሲመጣ ጠያቂው ጋሼ ናቸው፣ እሷ ኮፈኑ ስር እያሳየች ታስረዳቸዋለች፣ እሳቸውም በራሳቸው አፍ እንዲመቻቸው አድርገው ይደግሙታል፣ እሷም የደገሙትን እዛው ዝርዝር ላይ ትጽፈዋለች።