አጎቴ በስልክ ያዳመጠው ማሽን

ዘንድሮ ወደ ድሬዳዋ ስመጣ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ከጫማውና ከመድኃኒቱ መሃል በጨርቅ የጠቀለልኩት አንድ ያረጀ ኩሽኔት ነበር። ያመጣሁት ለአጎቴ ነው። ከዚራ ሰፈር፣ ቤቱ ደጃፍ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት።

የምኖረው አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ነው፤ ፍየል አረባለሁ። የዚያ አገር ብርድ ለወራት ሣር አያበቅልም፤ ፍየሎቹ ነፍሳቸውን የሚያቆዩት በሙቀቱ ወራት ታጭዶ በደረቀ ድርቆሽ ነው። ዛሬ ብዙ ገበሬ የሚጠቀምበት ትልቁ ማሽን የሚጠቀልለው አንዱ ጥቅል ግማሽ ቶን ያህል ይመዝናል። ያንን የሚያነሳ ሌላ ማሽን የለኝም፤ የማነሳው በእጄ ነው። ስለዚህ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ከጎተራቸው ጥግ ለዓመታት የቆመውን፣ ትንንሽ የድርቆሽ ጥቅል የሚሠራውን አሊስ ቻልመርስ ሮቶ ቤለር ሊሸጡልኝ ሲፈቅዱ ሳላቅማማ ገዛሁት።

ይህ ማሽን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያም ይቀድማል፤ ኡሞ ሉበን የተባለ የነብራስካ ሰው በ1910 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ትልቁን ጥቅል ያስለመደው ጌሪ ቨርሚር የመጣው በ1971 ነው።

አሠራሩን ሳይ አሁንም ደስ ይለኛል። የታጨደው ሣር መሬት ላይ በረጅም ረድፍ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ከትራክተሩ ኋላ በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞር ዘንግ ለማሽኑ ኃይል ይሰጠዋል። ማሽኑ ሣሩን ያፍስና በተቃራኒ አቅጣጫ በሚሄዱ ጠፍጣፋ ቺንጋዎች መሃል ያስገባዋል፤ ሣሩም እንደ ሰሌን እየተጠቀለለ ይወፍራል። ጥቅሉ ሲሞላ መቆም ግድ ነው። ትራክተሩ ይቆማል፣ ዘንጉ ግን መዞሩን ይቀጥላል፤ ለዚህም የትራክተሬ የእጅ ፍሪሲዮን ባለውለታዬ ነው። የቃጫው ገመድ ጥቅሉን ከዳር እስከ ዳር ይጠመጠምበታል፣ ቋጠሮ የለውም። ከዚያ ጥቅሉ ከኋላ ዱብ ይላል። ክብደቱ ከ20 እስከ 45 ኪሎ ነው፤ አንድ ሰው ይሸከመዋል። ጥቂት ተጉዞ እንደገና መቆም፣ እንደገና መሄድ። ብዙ ገበሬ ሮቶ ቤለርን የጠላው በዚህ መቆም ምክንያት ነው። እኔ ግን ሲቆም ማሽኑን አዳምጠዋለሁ።

ማዳመጥን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በሸመንደፈር፣ በባቡሩ ድርጅት ወርክሾፕ ውስጥ፣ ፈረንሳዮች ባመጧቸው ማሽኖች መሃል ነው። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት የካቻቪቴውን ጫፍ በሚዞረው ማሽን ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ አየው ነበር።

ማሽኑን በገዛሁበት በመጀመሪያው ዓመት ጥቅሎቹ አንድ ጎናቸው ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን እየሆኑ ይወጡ ጀመር። አንድ ጩኸትም ነበር፣ ቀጭን። እኔ ዘንድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ድሬዳዋ ከምሽቱ አራት ነበር። ደወልኩለት። እንደ ድሬ ልጅ አጎቴን «አንተ» ነው የምለው፤ እኛ ዘንድ ንቀት ሳይሆን ቅርበት ነው።

«አጎቴ፣ ይህን ድምፅ ስማልኝ፤ ቺንጋው ይመስለኛል» አልኩት።

«መጀመሪያ እጅህ የት ነው?» አለኝ።

«ውጭ ነው።»

«ውጭ ይቆይ።»

ትክክል ነበር። በዚህ ዓይነት ማሽን እጃቸውን ያጡ ገበሬዎች ብዙ ናቸው። የታነቀ ሣር ሲያዩ ዘንጉን ሳያጠፉ ለመጎተት ይዘረጋሉ፤ ማሽኑ ግን የሚስበው ሰው ሣሩን ከሚለቅበት ይልቅ በፍጥነት ነው። እኔ ሣሩ ሲታነቅ ዘንጉን ለይቼ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ነው የምጠጋው።

አጎቴ ጥቂት አዳመጠና ቺንጋው ወደየትኛው ጎን እንደሚሸሽ ጠየቀኝ። ወደ ግራ አልኩት፤ ጠርዙም ተበልቷል።

«እንግዲያው ቺንጋውን ተወው። እሱ የሚዞርበት ሮለር ተንጋድዷል፣ የጮኸው ኩሽኔቱ ነው። አጥፋውና እጅህን አስጠጋ፤ ሙቀቱ ይነግርሃል።»

አጠፋሁት። አንደኛው የኩሽኔት ቤት ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ይፋጅ ነበር። ግራሶ የሚገባበት ቀዳዳ በደረቀ ጭቃ ተደፍኖ ሳላየው ቀርቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። በዚያ ሙቀት ዙሪያ ደረቅ ሣርና ብናኝ ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ብቀጥል ኖሮ ማሽኑም ማሳውም ይጋዩ እንደነበር ሳስብ ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል።

አጎቴ ይህን ማሽን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። ድርቆሽ ሲባልም የሚያስበው የሐረርጌ ገበሬ ለሰንጋው የሚከምረውን የማሽላ አገዳ ነው። እንዲያም ሆኖ በማግስቱ ደውሎ ስለ ሣሩ ጠየቀኝ፣ ደርቋል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ የተጠቀለለ ሣር ክምር ውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል፣ ሲብስም ራሱን በራሱ ያቃጥላል። ከዚያ ወዲህ ጭብጥ ሙሉ አንስቼ ሳልጠመዝዝ፣ ሲሰበርም ሳልሰማ አልጀምርም።

አሁን ከዚራ ቤቱ ደጃፍ ጨርቁን ፈታሁና ኩሽኔቱን እጁ ላይ አኖርኩለት። ጆሮው እንደ ድሮው አይደለም፤ ደግሜ ደግሜ ካልተናገርኩ አይሰማኝም። ኩሽኔቱን መዘነው፣ ወደ ጆሮው አስጠጋው፣ በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ አዞረው። አንዴ ቆሞ፣ እንደገና አዞረው።

«እሱ ነው» አለኝ።